«ምን አገኘሽበት?»

ባለፈው እሁድ እናቴ ቡና እያፈላች ሳለ የሚጡ እናት ገቡ። ሚጡ የጎረቤታችን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። (የቤት ስሟ ነው፤ የመዝገብ ስሟን ጠይቃችሁ እንዳታስቸግሩኝ።) እናቷ እንደወትሮው በሽንኩርት ዋጋ አልጀመሩም። ገና ስኒ ሳይጨብጡ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጅቷ ብስክሌት ካልተማርኩ ብላ ነፍሴን አወጣችው። አንቺ እንድታስተምሪያት ነው የምትፈልገው።»

ደስ አለኝ። «ችግር የለም እትዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት...» ብዬ ሳልጨርስ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ አትቸኩዪ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ሁሉ ዓመት በሌሊት እየወጣሽ ለፋሽ፣ ወደቅሽ፣ ተሰበርሽ። ምን አገኘሽበት?»

እናቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ጥያቄው የእሷም እንደሆነ ከፊቷ ገባኝ፤ ለካ ዓመታት ሙሉ ልትጠይቀኝ እየፈራች ትተወው ኖሯል። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ በረካም ደረሰ፤ መልስ ግን ከአፌ አልወጣም። «አስቤበት እነግርዎታለሁ» ብዬ ተገላገልኩ። እነሆ አስቤበት መጣሁ። እናንተም እግረ መንገዳችሁን ስሙኝ።

*

ለማታውቁኝ፣ ሰባት ዓመት የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበርኩ። ዝነኛ አልነበርኩም። ጥያቄው ስለ ገንዘብ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፦ ምንም። ከክለብ የማገኘው የኪስ ገንዘብ ለካመላዳሪና ለሙዝ እንኳ አይበቃም ነበር። ስለ ሜዳሊያ ከሆነ ደግሞ ትልቁ ውጤቴ አምስተኛ መውጣት ነው፤ ለአምስተኛ የሚሰጥ ሜዳሊያ እስካሁን አልተሠራም። በአጥንት ሂሳብ ከሄድን ግን አትርፌያለሁ፤ ግራ ትከሻዬ ውስጥ አንድ ብረትና ስድስት ብሎን ተጨምሮልኛል።

ልምምዱ ምን ይመስላል ካላችሁ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እነሳለሁ። ሻይ በዳቦ፣ አንዳንዴም የማታ ፍርፍር። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲኤምሲ አካባቢ እንገናኛለን፤ ዘጠኝ ወንዶችና ሁለት ሴቶች። ገልባጭ መኪኖቹ መንገዱን ሳይሞሉት በአያት፣ በለገጣፎ አድርገን ወደ ሰንዳፋ እንወጣለን። ሰንዳፋ ደርሶ መመለስ ቀላል ቀን ነው። ሸኖ ደርሶ መመለስ ከባድ ቀን ነው። ዳገት የሚያስፈልገን ቀን እንጦጦ አለ፤ እንጦጦ ደግሞ ማንንም አያሳፍርም፣ ሁሉንም እኩል ያስለቅሳል።

ብስክሌት ውድድር በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው የሚታየው እግር ነው። ጨዋታው ያለው ግን ነፋሱ ላይ ነው። ፊት የሚነዳው ሰው ነፋሱን ይሰብራል፤ ከኋላው ጎማ ለጎማ ተጠግቶ የሚሄደው እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል። ስለዚህ ተራ በተራ ፊት ይወጣል፣ ነፋስ ይበላል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር እየሄዱ ከሰው ጎማ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ መቆየት፣ ፍሬን ሳይነኩ መታጠፍ፣ የፊተኛው ሲደነግጥ አብሮ አለመደንገጥ፣ ይሄ ሁሉ የሚለመደው በመንጋ ነው። ሯጭ ብቻዋን ጫካ ገብታ ብዙ ልትሠራ ትችላለች። ብስክሌት የምትነዳ ልጅ ግን ሰው ያስፈልጋታል።

እኛ ሁለት ሴቶች ነበርን። ጓደኛዬ በሦስተኛው ዓመት አገባችና ተወችው። ከዚያ በኋላ ከወንዶቹ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። አንድ ቀን ያዝኑልኝና ነፋስ አያስነኩኝም፤ በማግስቱ ይናደዱብኝና ሰንዳፋ ሳንደርስ ጥለውኝ ይሄዳሉ። ሁለቱም ልምምድ አይደለም። አንድ ጊዜ ክፍለ አገር ለውድድር ሄደን መነሻው መስመር ላይ የቆምነው ሴቶች አሥራ አራት ብቻ ነበርን። አስተናባሪው ሰዓቱን እያየ «ቶሎ ቶሎ ጨርሱ፣ ወንዶቹ መንገዱን ይፈልጉታል» አለን። አሥራ አራታችንም ሳቅን። አሁን ሳስበው የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

*

እትዬ፣ ቡናው ላይ በአፍዎ ያላወጡት ሌላ ጥያቄ እንዳለ አውቃለሁ። እኔም በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። «ሴት ልጅ ብስክሌት ከነዳች...» ይባልና ዓረፍተ ነገሩ በሳል ይዘጋል። እስቲ እኔ ልጨርሰው፤ ድንግልናዋን ታጣለች ነው ነገሩ። በ2018 የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት የድንግልና ምርመራ የሚባለው ነገር ይቅር ብለው ሲጠይቁ ያሉት ግልጽ ነበር፦ አንዲት ሴት ግንኙነት ፈጽማ እንደሆነ በዚያ በኩል አይቶ የሚያውቅ ሐኪም የለም፣ ሳይንሳዊ መሠረትም የለውም። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ልጅቷ ኮርቻ ላይ ተቀምጣ የምታጣው ነገር ቢኖር ስንፍናዋን ነው።

ሊያስጨንቅዎ የሚገባው ግን ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ማንም አይነግርዎትም። በሁለተኛው ዓመቴ የዐቢይ ጾምን ሃምሳ አምስቱንም ቀን እየጾምኩ፣ ልምምዴንም ሳልቀንስ ከረምኩ። ከሳሁ። ስከሳ ዳገት ላይ ፈጠንኩ። ስፈጥን ሁሉም አደነቀኝ፤ እኔም ከፋሲካ በኋላ ምግቤን አሳንሼ ቀጠልኩ። የወር አበባዬ ለአምስት ወር ጠፋ። ታዲያ እኔ ሞኟ ደስ አለኝ! አንድ ጣጣ ቀለለልኝ፣ ሰውነቴም ጠነከረ ብዬ።

ነገሩ የጥንካሬ ሳይሆን የረሃብ ምልክት ነው። አንዲት ስፖርተኛ የምታወጣውን ጉልበት የሚተካ ምግብ ካልበላች ሰውነቷ መቆጠብ ይጀምራል። መጀመሪያ የወር አበባውን ያቋርጣል፤ ቀስ በቀስም አጥንት ይሳሳል። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 ለዚህ ችግር ስም ሰጥቶ አሠልጣኞች እንዲጠነቀቁ መክሯል። እኔ ግን ለማን ልንገር? አሠልጣኙ ወንድ፣ መካኒኩ ወንድ፣ ሾፌሩ ወንድ። አሠልጣኜ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱ አይጠይቅም፣ እኔ አልናገርም፣ እንዲሁ ተከባብረን ከረምን። ጾሙን አይደለም የምከስሰው፤ በጾምም ሽሮው፣ ምስሩ፣ ኦቾሎኒው ከበዛ ይቻላል። የምከስሰው ያንን መከባበር ነው።

*

ቀጥሎ መንገዱ አለ። ትከሻዬ የተሰበረው ውድድር ላይ አይደለም። ከሰንዳፋ ስንመለስ አንድ የጭነት መኪና ገፍቶ ከአስፋልቱ አወጣኝ። ሾፌሩ አልቆመም፤ ፍጥነቱን ቀነሰና በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አርፈሽ ቤትሽ አትቀመጪም?» ብሎኝ ሄደ። ከስብራቱ ይልቅ ትዝ የሚለኝ ያ ንግግር ነው። አብረውኝ የነበሩት ዘጠኝ ወንዶች መንገዱን ከእኔ እኩል «ዘግተው» ነበር። ቤታችሁ ተቀመጡ ያላቸው ግን የለም።

እኔ ዕድለኛ ነኝ። ኤርትራዊቷ ደሲየት ኪዳነ በኅዳር 2021 አስመራ ውስጥ ልምምድ ላይ እያለች ተሽከርካሪ ገጭቷት ሞተች። ገና 21 ዓመቷ ነበር። አስመራ ብስክሌት እንደ ባህል የሚታይበት ከተማ ነው። እዚያም ቢሆን መንገድ ላይ የሚለማመድ ሰው ሥጋ ለብሶ ከብረት ጋር እየተጋፋ ነው። ስለዚህ «ልጄ ትሞትብኛለች» የሚል እናት ሲገጥመኝ «አይዞዎት፣ ምንም አይደለም» አልልም። ምንም ነውና።

*

«ይሄ የእኛ አገር ጣጣ ነው፣ ፈረንጆቹ ዘንድ ሁሉ ሙሉ ነው» የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ትንሽ ታሪክ ላውጋችሁ። የወንዶች የጎዳና ብስክሌት ውድድር ኦሎምፒክ ላይ የነበረው ከመጀመሪያው፣ ከ1896 አቴንስ ጀምሮ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በሄደችበት በ1956 ሜልቦርን ላይም ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ሴቶች በኦሎምፒክ ጎዳና ላይ እንዲወዳደሩ የተፈቀደው በ1984 ሎስ አንጀለስ ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመት!

ገንዘቡስ? በ2021 ፓሪስ ሩቤ የሚባለው ዝነኛ የድንጋይ መንገድ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴቶች ተዘጋጀ። ያሸነፈችው እንግሊዛዊቷ ሊዚ ዳይግናን የተሰጣት ሽልማት 1,535 ዩሮ ነበር። በማግስቱ በወንዶቹ ያሸነፈው ጣሊያናዊ 30,000 ዩሮ ወሰደ። በከፍተኛው ደረጃ ለሚወዳደሩ የሴት ቡድኖች ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የተቀመጠውም በ2020 ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ በፍጥነት ተለውጧል። በ2022 የሴቶች ቱር ደ ፍራንስ ተመልሶ መጣ። በ2025 የሞሪሸሷ ኪምበርሊ ለ ኩርት የመሪነቱን ቢጫ ማሊያ የለበሰች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። በዚያው ዓመት መስከረም የዓለም የጎዳና ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጥቶ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። ሴቶቹ በዚያ ኮረብታ ሁሉ ላይ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነዱ። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ በስልኬ ሳይ የኪጋሊ ልጆች ግን በአጥር ላይ ተንጠልጥለው በዓይናቸው አዩት። ቀናሁ፤ አልዋሽም።

አንድ ታሪክ ደግሞ አለ፤ ብስክሌተኞች ሲሰባሰቡ ሁልጊዜ ይነሳል። በ2021 ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ አና ኪዘንሆፈር የምትባል ኦስትሪያዊት የሒሳብ ሊቅ፣ የፕሮፌሽናል ቡድን ሳይኖራት፣ ልምምዷን ራሷ እያቀደች መጣች። ውድድሩ እንደተጀመረ ከጥቂት ሴቶች ጋር ተገንጥላ ሄደች፤ በኋላም ብቻዋን ቀረች፤ ወርቁንም ወሰደች። ሁለተኛ የወጣችው ሆላንዳዊት አሸንፌያለሁ ብላ እጇን አንስታ ነው መስመሩን ያለፈችው፤ ፊት ሰው መኖሩን ረስተዋል!

ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው «አያችሁ፣ ቆራጥነት ካለ ይበቃል» ለማለት ነው። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ኪዘንሆፈር ቡድን አልነበራትም እንጂ ሁሉም ነገር ነበራት። ብስክሌት ነበራት፣ ሥራ ነበራት፣ ሾፌር «ቤትሽ ተቀመጪ» የማይልበት መንገድ ነበራት። ያን ዕለት በዚያው መነሻ መስመር ላይ ኢትዮጵያን ወክላ ሰላም አምሃ ቆማ ነበር። የአንዷንና የሌላዋን እግር አታወዳድሩ። እስከዚያ መስመር ድረስ የመጡበትን መንገድ አወዳድሩ። ሌላዋ ልጃችን እየሩ ገብሩ ደግሞ የትግራይ ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ፈረንሳይ ጥገኝነት ጠይቃ በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ የነዳችው በስደተኞች ቡድን ማሊያ ነው። እነዚህ ልጆች ቆራጥነት አነሳቸው የሚል ካለ ይምጣና አንድ ሌሊት ሸኖ ድረስ አብሮኝ ይሂድ።

*

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ስለ ሴቶች ብስክሌት ባወራሁ ቁጥር ወዳጆቼ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «የብስክሌት ደራርቱ ያስፈልጋችኋል። አንዷ ታሸንፍ፣ ከዚያ ሁሉም ይከተላል።» በ1992 ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስትወስድ ስንት እናት ልጇን «ሂጂ ሩጪ» እንዳለች እናውቃለን። ነገሩ እውነት ይመስላል።

ግን አስቡት። ደራርቱ ስትመጣ የዚህ አገር ሴት ልጅ እኮ ድሮም በእግሯ ላይ ነበረች። ውኃ ቀድታ፣ ከብት አግዳ፣ ትምህርት ቤት ደርሳ የምትመለስ ሚሊዮን ልጅ ነበረች። ሩጫ «ምን ታገኝበታለች?» ተብሎ የተፈቀደ ነገር አልነበረም፤ ኑሮ ነበር። ጀግናዋ የወጣችው ከዚያ ሁሉ ተራ እግር መካከል ነው። ብስክሌት ላይ ያ ሚሊዮን የለም። መንደራችን ውስጥ ብስክሌት የሚያከራየው ልጅ ጋ ሄዳችሁ ተራ የሚጠብቁትን ቁጠሩ፤ ወንድ፣ ወንድ፣ ወንድ። አሥራ አራት ሴት መነሻ መስመር ላይ ቆመን «ሻምፒዮን ውለዱ» የተባልነው ከምን ላይ ነው?

ስለዚህ እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ጀግና አይመጣም፤ መጀመሪያ ተራዋ ልጅ ትመጣለች። ሽንኩርት ልትገዛ በብስክሌት የምትላክ ልጅ። ቀሚስ ለብሳ፣ ፌስታል መሪው ላይ አንጠልጥላ፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያያት የምታልፍ ልጅ። እንዲህ ያለች ልጅ በየሰፈሩ ስትበዛ ሾፌሩ ዓይኑ ይለምዳታል፣ ጎሚስታው «ጎማሽን ልንፋልሽ» ይላታል፣ ከመካከላቸው ነፋስ የሚወዱት ጥቂቶቹ ደግሞ በሌሊት ተነስተው ሰንዳፋ ይሄዳሉ። ያኔ መነሻው መስመር ላይ የሚቆሙት አሥራ አራት አይሆኑም።

ከ2018 ጀምሮ አንዳንድ እሁዶች መንገድ ለሰው ተብሎ አስፋልት ሲዘጋ አይተናል። ከ2024 ወዲህ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ለውድድር ልምምድ አይሆንም፤ አጭር ነው፣ ሰው ይቆምበታል፣ አንዳንዴም መኪና ይቆምበታል። ለሽንኩርት ግን ይበቃል። እንዲያውም ለሽንኩርት መብቃቱ ነው ቁም ነገሩ። መስመሩ ተሠራ ማለት ግን ሴት ልጅ ተፈቀደላት ማለት አይደለም። አስፋልቱን ማዘጋጃ ቤት ይሠራዋል፤ ፈቃዱ ያለው ቡና ላይ ነው፤ እርስዎና እናቴ ዘንድ።

«አገሩ ስንት ችግር እያለበት ስለ ብስክሌት ትጽፊያለሽ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልክ ነህ ወንድሜ፣ ስንት ችግር አለ። ከችግሮቹ አንዱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንድ ነገር ልማር ስትል «ምን ታገኝበታለች?» ተብላ መጠየቋ ነው። ወንድሟ እግር ኳስ ሲጫወት፣ ፑል ሲመታ፣ ግንብ ላይ ተቀምጦ ሲውል ማንም ትርፍና ኪሳራ አያሰላለትም። ሴት ልጅ ብቻ ናት ለመጫወት ደረሰኝ የምታቀርበው።

*

እንግዲህ እትዬ፣ መልሴ ይኸው።

ምን አገኘሁበት? ካመላዳሪ በዝናብ ውስጥ በስምንት ደቂቃ መቀየር እችላለሁ። እንዴት እንደሚወደቅ አውቃለሁ፤ ይሄ ከብስክሌትም ውጪ ይጠቅማል። ሲርበኝ መብላት እንዳለብኝ ተምሬያለሁ፤ በጣም ዘግይቼ ቢሆንም። የለገጣፎን ዳቦ ቤት ሽታ ጨለማ ውስጥ ለይቼ አውቀዋለሁ። ይሄ ሁሉ ግን እርስዎ የጠየቁኝ ዓይነት ትርፍ እንዳልሆነ ይገባኛል።

ስለዚህ እኔም ልጠይቅዎ። የሚጡ ታላቅ ወንድም በልጅነቱ ብስክሌት እየተከራየ እስኪመሽ ሲነዳ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው የሚጠሩት ለእራት ነበር። አንድ ቀን «ምን አገኘህበት?» ብለውት ያውቃሉ? ለእሱ እንደተዉለት ለእሷም ይተዉላት። ተወዳዳሪ አላደርጋትም፤ ሜዳሊያም ቃል አልገባም። ምንም ባታገኝበትስ?

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ ሜዳ እጠብቃታለሁ፤ መኪና አይገባበትም። ቁርሷን በልታ ትምጣ። የእኔ ሄልሜት ይሰፋታል፤ ስለዚህ በልኳ የሚሆን ከአንድ ጓደኛዬ ተውሼላታለሁ። ሱሪ ባይኖራት በቀሚስም ይሆናል፤ ጫፉን ካቴናው እንዳይበላው በመርፌ ቁልፍ እንይዘዋለን።

እርስዎም ሽንኩርት የሚያስገዙ ከሆነ ብሩን ይስጧት። ከወር በኋላ ትደርሳለች።